የሃርድነር ጉም፦ ለዓመታት ደህና የነበረ ቀለም ቀቢ ለምን በድንገት ይታመማል?

ላሜራ ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት የመኪና ቀለም ቀቢዎችን ጤና ነገር በትክክል የሚያውቅ ሰው እንዲመልስልኝ ነው። በየጋራዡ ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። አንድ ቀለም ቀቢ በሃርድነር (ቀለሙን በሚያጠነክረው ፈሳሽ) የሚቀላቀለውን ክሊር (በቀለሙ ላይ የሚረጨውን አንጸባራቂ ሽፋን) ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ሲረጭ ምንም አይሆንም። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ሳል ይጀምረዋል፣ ደረቱን ጭምድድ ያደርገዋል፣ "ብርድ መቶህ ነው" ይባላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እሱ ባይረጭ እንኳ ጎረቤት ክፍል ውስጥ ሲረጭ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያንኑ ቀለም ያንኑ ያህል ጊዜ የረጨው ጓደኛው ግን ደህና ነው።

መርዝ ከሆነ ሁለቱንም አይጎዳም ወይ? "ኢሚዩኒቲ ያዳክማል" የሚባለውስ ልክ ነው? ማስክ በተመለከተም ከሰል ያለበት የፊት ጭንብል በቂ ነው የሚል አለ፣ አይደለም የሚልም አለ። ዝርዝር መልስ ብታካፍሉን ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

የትንፋሽ ነገር፦

ጥያቄህ ሥሩን የነካ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መርዝ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው በመጠኑ የሚጎዳ ነገርን ነው። ትንሽ ከሆነ በትንሹ፣ ብዙ ከሆነ በብዙ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚጎዳ። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደዚያ ነው። ሃርድነር ግን ሰውነትን የሚጎዳው በሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የመከላከያ ሥርዓታችን ነገሩን "ይማራል"፤ በዚህ ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ትምህርቱ ሳምንታት፣ ወራት ወይም ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ከተማረ በኋላ ግን እጅግ ጥቂት መጠን፣ ሌላ ሰው ጨርሶ የማይሰማው፣ ይበቃዋል። ጎረቤት ክፍል የተረጨው የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

የሃርድነሩ ዋና ንጥረ ነገር አይሶሳያኔት ይባላል። መኪና ቀለም ውስጥ በብዛት ያለው ኤች ዲ አይ የሚባለው ዓይነትና ከእሱ የተሠሩ ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው። "ኤች ዲ አዩ ከአንድ በመቶ በታች ነው፣ አትፍሩ" የሚል ሻጭ አለ። ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ረጃጅሞቹም ያው አደገኛ ጫፍ አላቸው፣ ከቀለም መርጫው ሽጉጥ በሚወጣው ጉም ውስጥ የሚበዙትም እነሱው ናቸው።

ያ ጫፍ ሥራው መጣበቅ ነው። ክሊሩ የሚጠነክረው አይሶሳያኔቱ ከክሊሩ ሬዚን (ዋና ማያያዣው) ጋር ተያይዞ ስለሚተሳሰር ነው። ሳንባ ውስጥ ሬዚን የለም፤ ስለዚህ የአየር ቧንቧውን ከሸፈነው እርጥበት ውስጥ ካለው የሰው ፕሮቲን ጋር፣ በተለይ ከአልቡሚን ጋር ይጣበቃል። አይሶሳያኔቱ ብቻውን የመከላከያ ሥርዓቱ የማያውቀው ትንሽ ነገር ነበር። የገዛ ፕሮቲናችን ላይ ሲለጠፍ ግን ፕሮቲኑ መልኩን ይቀይርና እንግዳ ይመስላል። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ዘብ የሚቆሙት ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ያንን አንስተው ወደ ሊምፍ እጢ ይወስዱታል (ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው ማለት ነው)፣ እዚያ ለቲ ሕዋሳት (ጠላትን ለይተው ለሚያስታውሱት ነጭ የደም ሕዋሳት) ያሳዩታል። ቲ ሕዋሳቱ ይራባሉ፣ ከፊሎቹም ማስታወሻ ሆነው ለዓመታት ይቀመጣሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ያው ነገር ሲመጣ ኢዮሲኖፊልና ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቧንቧው ይጎርፋሉ፣ ግድግዳው ያብጣል፣ አክታ ይበዛል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ይህ አስም ነው።

ስለዚህ "ያዳክማል" የሚለው ለዚህ ጉዳይ ልክ አይደለም። መከላከያው አልደከመም፤ የማይገባውን ጠላት አድርጎ ተምሯል።

አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል ላልከው፣ የዘር ውርስ ልዩነት አንድ ድርሻ አለው፤ ቲ ሕዋስ ጋ ፕሮቲኑን የሚያቀርቡት ሞለኪውሎች ከሰው ሰው ይለያያሉ። ከዚያ ይልቅ በእጃችን ያለው ነገር የአንድ ጊዜ ከፍተኛ መጠን ነው። ቀኑን ሙሉ ያለ ጥቂት መጠን ከሚያደርገው ይልቅ ሃርድነር ሲደፋ ወይም ያለ ማስክ "ለአንድ በር ብቻ" ሲረጭ የሚገባው ድንገተኛ ብዛት ለትምህርቱ የበለጠ ምቹ ይመስላል። ቆዳም አለ። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ቆዳ ላይ ብቻ የተቀባ አይሶሳያኔት ሳንባን አለርጂክ እንዳደረገ ታይቷል። ማስክ አድርጎ በባዶ እጁ የሚቀላቅል ሰው አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ከፍቷል።

ሌሊት የሚያስለው ደግሞ ብርድ መቶት አይደለም። የአይሶሳያኔት ምላሽ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት በኋላ ይመጣል። ከሰዓት የረጨ ሰው ማታ ቤቱ ሆኖ ያስለዋል፤ ከሥራው ጋር የማያገናኘውም ለዚህ ነው። በእረፍት ቀንና በዓመት ፈቃድ ሻል ካለው፣ ሥራ ሲመለስ ከተመለሰበት፣ ከዚህ የበለጠ ጠቋሚ ምልክት የለም።

መርካቶ ተራ፦

የትንፋሽ ነገር፣ ስላብራራህልን እናመሰግናለን። ሁሉም ሃርድነር ግን አንድ ነው ወይ? የስቱኮው (የጎደጎደ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ) ቀይ ሃርድነርም አይሶሳያኔት ነው?

ኬሚስቱ፦

አይደለም፣ ይህን መለየት ያስፈልጋል። ስቱኮ ላይ የሚጨመረው ቀይ ለጥ ያለ ሃርድነር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። የስቱኮው ሽታ ስታይሪን ነው፤ ሌላ ጣጣ አለው እንጂ አይሶሳያኔት የለበትም። የኤፖክሲ ፕራይመር ሃርድነር አሚን ነው፣ እሱም ለቆዳ አለርጂ የታወቀ ነው። በቲነር ብቻ የሚቀጥነው ናይትሮ ቀለም አይሶሳያኔት የለውም።

አይሶሳያኔት ያለው የፖሊዩሬታን ክሊር፣ ባለ ሁለት ዕቃ ቀለምና ባለ ሁለት ዕቃ ፕራይመር ሃርድነር ነው። ድብልቁ ብዙ ጊዜ ሁለት እጅ ክሊር ለአንድ እጅ ሃርድነር ነው፣ ፕራይመሩ አራት ለአንድ። የቤት ዕቃ የሚቀቡበት ባለ ሁለት ዕቃ ቫርኒሽም ከዚሁ ወገን ነው፤ የአናጢ ቤቶችም ይህን ክር ቢያነቡት ጥሩ ነው።

"የኛ በውኃ የሚቀጥን ነው፣ አይጎዳም" የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በውኃ የሚቀጥነው የታችኛው ቀለም ብቻ ነው። በላዩ የሚረጨው ክሊር ያው በሃርድነር የሚቀላቀለው ነው።

ቆርቆሮው ላይ የሚፈለገው ምልክት የእንግሊዝኛው ኤች ፊደል ቀጥሎ 334 ነው፤ ሲተነፈስ አለርጂ ወይም አስም ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ኤች 317 ደግሞ የቆዳ አለርጂ ነው። ተቀንሶ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ሃርድነር ላይ ይህ ጽሑፍ አይገኝም፤ ስለዚህ ከዋናው ቆርቆሮ ላይ ሳያነቡ አለመግዛት ነው።

ሌላው፣ በደንብ የደረቀ ቀለም ላይ ያለው አይሶሳያኔት ተሳስሮ አልቋል፣ አይጎዳም። ግን ትናንት የተረጨና ገና ያልጠነከረ ክሊር በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ አቧራው ውስጥ ያልተሳሰረው ይኖራል። ያረጀ የፖሊዩሬታን ቀለም ያለበት ላሜራ ሲበየድም ሙቀቱ ትስስሩን ፈትቶ አይሶሳያኔቱን መልሶ ያወጣዋል። በያጁ ቀለሙን ከመበየጃው ግራና ቀኝ አስቀድሞ መፋቅ አለበት። ቀለም ቀቢው ብቻ ሳይሆን በያጁ የሚታመመው በዚህ መንገድ ነው።

አዲስ ሰልጣኝ፦

ሽታው ሲጠፋ ክፍሉ ንጹሕ ነው ማለት ነው? እንዲሁም ከሰል ያለበት ማስክ ሽታውን ሙሉ በሙሉ ይቆርጣል፤ ታዲያ አይበቃም ወይ?

ኬሚስቱ፦

የምታሸተው ቲነሩን ነው። አሴቴቱን፣ ቶሉኢኑን፣ ዛይሊኑን። አይሶሳያኔቱን አፍንጫ የሚለየው መጠኑ ከሚፈቀደው ወሰን በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ወሰኑ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማየት፦ አሜሪካ ውስጥ ባለሙያዎች ለኤች ዲ አይ የሚመክሩት አየር ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን እጅ አምስት እጅ ነው። ብሪታንያ ለአይሶሳያኔቶች በጠቅላላ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.02 ሚሊ ግራም ለስምንት ሰዓት፣ 0.07 ሚሊ ግራም ደግሞ ለ15 ደቂቃ ወስናለች።

ከሰሉ ላይ ያለው ችግርም ከዚሁ ይመጣል። ከሰል ያለበት ማስክ ለሌሎች ኬሚካሎች ሲያረጅ ሽታ በማስገባት ያስታውቅሃል። ለአይሶሳያኔት ግን ማስጠንቀቂያ የለም፤ አልቆ እንኳ አታውቀውም። ከዚህም በላይ ግማሽ ፊት የሚሸፍነው ማስክ ዓይንን ያጋልጣል፣ ጢም ካለ ደግሞ በጎኑ ያስገባል።

ስለዚህ ለመርጨት ትክክለኛው ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ማስክ ነው። የከሰል ማስክ ቦታ የለውም አልልም። ለመቀላቀልና ሽጉጥ ለማጠብ ይጠቅማል፤ ያኔም ጋዙንም ብናኙንም የሚይዝ ጥምር መሆን አለበት። በአውሮፓው ምልክት ቡናማና ነጭ ቀለበት ያለው ኤ 2 ፒ 3 ማለት ነው፣ በአሜሪካው ጥቁርና ሐምራዊ። የአቧራ ብቻ የሆነው ነጩ ጨርቅ መሳይ ማስክ ጋዙን አያቆምም። የቀዶ ሕክምናው ሰማያዊ ማስክ ደግሞ ለዚህ ምንም አይሠራም።

ሲስተር ከጎፋ፦

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሰው ሕይወት ስለሚነካ ዝም ማለት አልቻልኩም። በብዙ ጋራዥና ፋብሪካ ለቀለም ቀቢ ወተት ይሰጣል። "ኬሚካሉን ያጥባል" ተብሎ። ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ አይሶሳያኔቱ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። ወተት ምግብ ነው፣ ይጠጣ፣ ግን ማስክን ተክቶ ሲሰጥ ጉዳት ነው፣ ሰውየው ተከላክያለሁ ብሎ ስለሚያምን። ለወተቱ በየወሩ የሚወጣው ገንዘብ ተጠራቅሞ ጓንትና ማጣሪያ ቢገዛበት የተሻለ ነው።

ጓንት ላይም፦ ስስ የላቴክስ ጓንት አይሶሳያኔቱን ያሳልፋል። ናይትራይል ይሁን፣ ከተረጨበት ወይም ከፈሰሰበት ወዲያው ይቀየር። ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ነው የሚታጠበው። በቲነር ወይም በቤንዚን መታጠብ የቆዳውን ቅባት አውጥቶ በሩን ይበልጥ ይከፍታል።

ኮምፕሬሰር ሠሪ፦

በቱቦ አየር የሚሰጥ ማስክ ይደረግ ሲባል ቶሎ ገዝቶ ከሽጉጡ ኮምፕሬሰር ላይ መቀጠል ብቻ ይመስላል። እዚህ ላይ ብዙ ስሕተት ይሠራል።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ ለሚቀመጥ ማስክ በደቂቃ ቢያንስ 115 ሊትር፣ ላላ ላለ ኮፍያ መሰል ማስክ ቢያንስ 170 ሊትር አየር ያስፈልጋል። በዝቅተኛ ግፊት የሚረጨው ሽጉጥ ራሱ እንደ ዓይነቱ ከ250 እስከ 450 ሊትር ይበላል። በየሱቁ ያለው ባለ 50 ሊትር ታንክ፣ ባለ ሁለት ፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር ላዩ ላይ 200 ሊትር አካባቢ ይጻፍበታል፤ ያ የሚስበው ነው፣ የሚሰጠው ከዚያ ያንሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስሠሩት ቀለም ቀቢው ማስፈንጠሪያውን በጫነ ቁጥር የማስኩ አየር ይወርዳል፣ ማስኩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል፣ ጉሙም ይገባል። ከውጭ ሲታይ ግን ሁሉም የተሟላ ይመስላል። ስለዚህ ወይ ለማስኩ የራሱ ኮምፕሬሰር፣ ወይ ሁለቱን ደምሮ የሚችል ትልቅ። ማስኩ ወገብ ላይ የግፊት ማሳያ ወይም ፊሽካ ካለው ከመልበስ በፊት ሽጉጡን እየረጩ ይሞከር፤ ሽጉጡ ቆሞ መሞከር ምንም አይነግርም።

ሁለተኛ የአየሩ ንጽሕና። ለመተንፈሻ የሚፈቀደው የታመቀ አየር ኦክስጂኑ ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከሚሊዮን ከ10 እጅ ያልበለጠ፣ የዘይት ጉሙ በሜትር ኩብ ከ5 ሚሊ ግራም ያልበለጠ መሆን አለበት። ውኃና ዘይት የሚይዝ ማጣሪያ፣ ከእሱ ቀጥሎ የከሰል ማጣሪያ ያስፈልጋል። ልብ በሉ፣ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድን አይዝም፤ እሱን የሚለውጠው ልዩ ካታሊስት (ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ነገር) ያለበት ማጣሪያ ነው።

ሦስተኛው፣ በእኛ ሀገር በጣም የምፈራው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል። ጄኔሬተሩ ከኮምፕሬሰሩ መሳቢያ አጠገብ ከሆነ የናፍጣው ወይም የቤንዚኑ ጭስ ታምቆ በቀጥታ ወደ ማስኩ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰውየው ማስኩን እንደለበሰ ራሱን ይስታል። የኮምፕሬሰሩ መሳቢያ በቱቦ ወደ ውጭ፣ ከጄኔሬተርም ከመኪና መግቢያም ከቀለም ክፍሉ ማስወጫም የራቀ ቦታ ይውጣ። ዘይት ያለው ኮምፕሬሰር በጣም ሲግል ዘይቱ ራሱ ተቃጥሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መሣሪያ መስመሩ ላይ ቢገጠም ይሻላል።

ሽጉጡ ላይም ትንሽ ልበል። ዝቅተኛ ግፊት ያለው ሽጉጥ ጫፉ ላይ ከ0.7 ባር አይበልጥም፣ ከቀለሙ ቢያንስ 65 በመቶው ላሜራው ላይ ያርፋል ተብሎ ነው የሚሠራው። በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ከግማሽ በላዩን አየር ላይ ያባክናል። ቀለምም ይተርፋል፣ ጉምም ይቀንሳል።

ከሐይፋ፦

እዚህ ጽዳት ላይ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፣ ዓረብ ሀገር ያሉት እህቶቻችንም እንደዚሁ። ከቀለም ወጣ ይላል ግን ርእሱ ስለሚገናኝ፦ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል "ሰውነት ይለምደዋል" የሚሉ አሉ። ይለመዳል ወይ?

የትንፋሽ ነገር፦

አይለመድም፤ መንገዱ ግን ከሃርድነሩ ይለያል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን። እነዚህ ከእርጥበት ጋር ሲገናኙ የአየር ቧንቧውን ሽፋን በቀጥታ ያቃጥሉታል። ትምህርት አያስፈልጋቸውም። የተቃጠለው ሽፋን ራሱ የአደጋ መልእክት ይለቃል፣ መከላከያው ይነሣሣል፣ ብግነቱም ከጋዙ በኋላ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ብቻ ብዙ ተንፍሶ በ24 ሰዓት ውስጥ የጀመረ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ብሩክስ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ራሱን የቻለ ሕመም ብለው ገልጸውታል።

ለእህቶቻችን በተግባር፦ በረኪና ከውኃ በቀር ከምንም ጋር አይቀላቀል። አሲድ የተደረገበት ሽንት ቤት በብዙ ውኃ ተለቅልቆ እስኪያልቅ በረኪና አይነካው። ሙቅ ውኃ አይጨመርበት። የታጠበበት ክፍል በር ተዘግቶ አይሠራ፤ መስኮት ከሌለው በሩ ተከፍቶ ይቆይ። "ለመለመድ" የሚመስለው የአፍንጫ ስሜት መደንዘዙ ነው፣ ሳንባው አልለመደውም።

አዲስ ሰልጣኝ፦

ታዲያ "ኢሚዩኒቲ የሚያዳክም" ትንፋሽ ጨርሶ የለም?

የትንፋሽ ነገር፦

አለ። ማክሮፋጅ የሚባሉት የሳንባ ከረጢት ጠራጊ ሕዋሳት ባክቴሪያን ይውጣሉ። የማገዶ ጭስ ጥቀርሻ ሲሞላባቸው የመዋጥ ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ቧንቧውን የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮችም ይዳከማሉ። ጭስ ባለበት ወጥ ቤት በእናት ጀርባ የሚውሉ ሕፃናት በሳንባ ምች የሚጠቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ድንጋይ፣ ግራናይትና ሴራሚክ በደረቁ ሲቆረጥ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ ደግሞ የዋጠውን ማክሮፋጅ ይገድለዋል፣ ሲሞት ብናኙ ይወጣል፣ ሌላው ይውጠዋል፣ እሱም ይሞታል። የሳንባ ነቀርሳን የሚይዘው ያው ማክሮፋጅ በመሆኑ ሲሊኮሲስ (ይህ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ ሕመም) ያለበት ሰው ለቲቢ በጣም ይጋለጣል። ደግሞም ይህ ብናኝ መከላከያውን በገዛ ሰውነት ላይ ያነሣሣል፦ ስክሌሮደርማ የሚባለው ቆዳን የሚያደርቅ ሕመም በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ላይ እንደበዛ እ.ኤ.አ. በ1957 ተዘግቧል። ሲቆረጥ ውኃ ማፍሰስ ብቻውን ብዙውን ብናኝ ያስቀራል።

ኬሚስቱ፦

ለጋራዥ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀርበው ቤንዚን ነው። ውስጡ ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል (ስሙ ከነዳጁ ጋር ይመሳሰላል፣ ለማለያየት ያህል "ቤንዚኑ ኬሚካል" ልበለው) ነጭ የደም ሕዋስ የሚፈለፈልበትን መቅኔ ያጠቃል። ጉበት ይለውጠዋል፣ የተለወጠው መቅኔ ውስጥ ሕዋሳቱን ይመርዛል፣ በመጀመሪያ ከሚቀንሱት ሊምፎሳይቶች ይገኙበታል። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ወሰን ከሚሊዮን አንድ እጅ ነው። ቻይና ውስጥ በጫማ ሠራተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ግን ከአንድ እጅ በታችም ነጭ የደም ሕዋስ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ዕቃና እጅ በነዳጅ ማጠብ፣ ቲነር በቤንዚን ማብዛት፣ በአፍ በቱቦ መሳብ ይቅር። ሙሉ የደም ቆጠራ በዓመት አንድ ጊዜ ማድረግ ርካሽ ምርመራ ነው።

ላሜራ ቤት፦

አሁን ወደ ሳሉ ልመልሳችሁ። የሚያስለው ቀለም ቀቢ ሐኪም ቤት ሲሄድ ራጁ ንጹሕ ነው፣ ደሙም ደህና ነው ተብሎ ይመለሳል። በምን ይታወቃል?

የትንፋሽ ነገር፦

ራጅ አስምን አያሳይም። የአይሶሳያኔት አለርጂ የደም ምርመራም ቢገኝ እንኳ ፀረ እንግዳ አካሉ የሚገኘው በጥቂቶቹ ታማሚዎች ላይ ብቻ ነው፤ አልተገኘም ማለት አልታመመም ማለት አይደለም። ሐኪም ቤት ጠዋት የሚደረግ የትንፋሽ ልኬትም ሰውየው በዚያ ሰዓት ደህና ስለሆነ ደህና ሊያሳይ ይችላል።

የሚያዋጣው ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባለው፣ የትንፋሽን ኃይል የምትለካ ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ ናት። አጠቃቀሟ እንዲህ ነው፦ ቆሞ፣ ሙሉ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ፣ ከንፈርን አጥብቆ፣ በአንድ ጊዜ በኃይል መንፋት። ሦስት ጊዜ ነፍቶ ትልቁን መጻፍ። በቀን አራት ጊዜ፦ ሲነሡ፣ እኩለ ቀን፣ ከሥራ ሲወጡ፣ ሲተኙ። የሚነፋ መድኃኒት ካለ ከመድኃኒቱ በፊት። ይህ አራት ሳምንት ይቀጥል፣ የሥራ ቀንም የዕረፍት ቀንም ይካተትበት፤ ከተቻለ አንድ ሳምንት ያህል ከሥራ የራቀበት ይኑር። ከቁጥሩ ጎን ያን ዕለት ምን እንደሠራ ይጻፍ፦ ክሊር ረጨ፣ ስቱኮ ፈገፈገ፣ ዕረፍት። በሥራ ቀን ትልቁና ትንሹ ቁጥር በ20 በመቶና ከዚያ በላይ ሲራራቁ፣ በዕረፍት ቀን ሲቀራረቡ ሥዕሉ ግልጽ ነው። ብዙ የሚበላሸው ሰው ሥራ ቦታ መንፋት ስለሚረሳና ማታ ላይ በግምት ስለሚሞላ ነው፤ በግምት የተሞላ ወረቀት ሐኪሙን ያሳስተዋል፣ ባዶው ይሻላል።

ይህን ይዞ ወደ ሳንባ ሐኪም ይሂድ። ከተረጋገጠ በኋላ የሚነፋው ስቴሮይድ ብግነቱን ያበርዳል፣ ሳልቡታሞሉ ቧንቧውን ይከፍታል፤ ሁለቱም ግን ማስታወሻውን አይሰርዙትም። መድኃኒት እየወሰደ ወደ ርጨት መመለስ የለበትም። በጥሩ ማስክም ቢሆን። አንዴ የተማረ ሰውነት በጥቂት መጠን ከባድ ምላሽ ሊሰጥ ይችላል፣ በዚህ የሞቱ ሰዎች ተመዝግበዋል። ምልክቱ በጀመረ በወራት ውስጥ የራቀ ሰው የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው፤ እየሳለ ዓመታት የቆየው ግን ሥራውን ቢተውም አስሙ ብዙ ጊዜ አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ጊዜው ወሳኝ ነው።

ሲስተር ከጎፋ፦

ሥራ ይተው ሲባል ምን ይብላ የሚለው ይመጣል፣ ተገቢም ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚረጭበትና የሚበየድበት ክፍል በጥሩ ሁኔታ የተለየ ከሆነ ወደ ሞተር፣ ወደ መካኒክ ወይም ወደ ዕቃ ክፍል ማዛወር ይቻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ላሉም እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ የጤና ምርመራ እንዲያስደርግ ያዛል። በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታም በአዋጁ ውስጥ ቦታ አለው። ለዚህ ነው የሐኪሙ ወረቀት ላይ "አስም" ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት እንዲጻፍ መጠየቅ ያለበት። የፒክ ፍሎው መዝገቡ ቅጂ በእጁ ይቅር።

ከሽቱትጋርት፦

እዚህ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለምትሠሩ፦ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 24 ቀን 2023 ጀምሮ ከ0.1 በመቶ በላይ ዳይአይሶሳያኔት (ኤች ዲ አይ የሚመደብበት የአይሶሳያኔት ወገን) ያለበትን ምርት በሙያው የሚጠቀም ሁሉ ሥልጠና መውሰድ ግዴታው ነው። ያለ ሥልጠና ሽጉጥ የሰጣችሁ አሠሪ ሕግ ጥሷል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ጥብቅ ማስክ ከተሰጣችሁ ፊታችሁ ላይ መግጠሙ በየዓመቱ መፈተሽ አለበት፣ ከመልበስ በፊት ያለው የጤና ግምገማም በእናንተ ወጪ አይደለም።

መርካቶ ተራ፦

የተረፈ ሃርድነርና የፈሰሰ እንዴት ይወገድ? አንዳንድ ቆርቆሮ ተዘግቶ ሲቀመጥ ያብጣል።

ኬሚስቱ፦

የሚያብጠው እርጥበት ስለገባበት ነው። አይሶሳያኔት ከውኃ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ክዳኑ ከተዘጋ ግፊቱ ቆርቆሮውን ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ የሚሠራበት ሃርድነር ክዳኑ ደርቆ ወዲያው ይዘጋ፣ የሚጣለው ግን አይዘጋ። ለፈሰሰው፦ ሰው ይውጣ፣ ማስክና ናይትራይል ጓንት ያደረገ ሰው በሰጋቱራ ወይም በአሸዋ ይሸፍነው፣ ሰብስቦ ክዳኑ ላላ ባለ ዕቃ ያስቀምጠው፣ ላዩ ላይ ማምከኛ ያፍስስበት። ማምከኛው ከመቶ እጅ ከ5 እስከ 10 እጅ ሶዲየም ካርቦኔት፣ እስከ 2 እጅ ፈሳሽ ሳሙና፣ የቀረው ውኃ ነው። የዳቦ ሶዳ ሳይሆን ለልብስ የሚሆነው ሶዳ። ከሰው ራቅ ባለ ቦታ አንድ ሁለት ቀን ሳይዘጋ ይቆይ። ወለሉም በዚሁ ይታጠብ።

ላሜራ ቤት፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ፎርኖው (ቀለም የሚረጭበት ዝግ ክፍል) አየር ማስወጫ አለው፤ ረጭተን ስንጨርስ ማስኩን መቼ እናውልቅ?

ኮምፕሬሰር ሠሪ፦

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ረጭቶ ይጨርስና ሥራውን ለማየት የማስኩን መስተዋት ከፍ ያደርጋል። ጉሙ በተለመደ ብርሃን አይታይም፤ ክፍሉ ንጹሕ ይመስላል እንጂ አይደለም። ደህና የሚሠራ ፎርኖ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይጸዳል፣ ማራገቢያ ብቻ የተገጠመለት ተራ ክፍል ግን 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። የራሳችሁን መለካት ትችላላችሁ። ሠርግ ላይ የሚከራየውን የጭስ ማሽን አምጡ። ማራገቢያውን አጥፍታችሁ፣ ክፍሉ ውስጥ መኪና አቁማችሁ በጭሱ ሙሉት። ከዚያ ማራገቢያውን አስነሥታችሁ ሰዓት ያዙ፤ ከጀርባው ብርሃን አብርታችሁ፣ ማዕዘኖቹንም ከመኪናው ሥርም እያያችሁ፣ ጭሱ ጨርሶ እስኪጠፋ። ያ ደቂቃ በሩ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ማራገቢያው እየሠራ ጭሱ በበሩ ስንጥቅ ወደ ጋራዡ ከወጣ ክፍሉ ወደ ውስጥ እየሳበ አይደለም፤ ማስወጫውን ማጠንከር ወይም የሚገባውን አየር መቀነስ ነው። የማጣሪያው ጨርቅ ሲደፈን ደቂቃው ስለሚረዝም ጨርቁ በተቀየረ ቁጥር፣ ካልተቀየረም በዓመት አንድ ጊዜ ይደገም። ማራገቢያው ከመርጨት በፊት ይነሣል፣ ማስኩ ከክፍሉ ውጭ ይለበሳል፣ ሽጉጡ ከቆመ በኋላ የተጻፈው ደቂቃ እስኪሞላ ማራገቢያውም ማስኩም እንዳሉ ይቆያሉ። አስቸኳይ ነገር ኖሮ ቀድሞ መውጣት ካለበት ማስኩን እንዳደረገ ይውጣ፣ ውጭ ያውልቅ።